ካቢኔት ሲገዛ በሩን ብቻ ማየት አይበቃም

አዲስ አበባ ውስጥ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ደርሶት ቁልፍ የሚረከብ ሰው በአብዛኛው የሚያገኘው የማጠናቀቂያ ሥራው የቀረ ቤት ነው። ወጥ ቤቱ ካቢኔት፣ መኝታ ክፍሉም ቁም ሳጥን የለውም። ስለዚህ ባለቤቱ ከመግባቱ በፊት አናጺው ይገባል። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያሳያል፦ ነጭ የሚያብረቀርቅ፣ ግራጫ፣ የዋንዛ መልክ ያለው፣ እጀታ አልባ። ቤተሰቡ ቀለም ይመርጣል፤ በዋጋ ይከራከራል፤ ቀብድ ይከፍላል።

በዚህ ድርድር መሀል ብዙ ጊዜ የማይነሱ ጥያቄዎች አሉ። ጣውላው ከምን ተሠራ? የተቆረጠው ጠርዝ ተሸፍኗል ወይ? ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው በምን ይያዛል? የጋዝ ሲሊንደሩስ የት ይገባል? ገዢን የሚማርከው በሩ ነው። ካቢኔቱ ስንት ዓመት እንደሚቆይና ለቤተሰቡ ምን ያህል አስተማማኝ እንደሚሆን የሚወስኑት ግን ከበሩ ኋላ ያሉት ነገሮች ናቸው።

ከምን ተሠራ?

ገበያ ላይ ያለው ካቢኔት በመልኩ ስፍር ቁጥር የለውም፤ በተሠራበት ነገር ሲለይ ግን ጥቂት ነው፦ ድፍን እንጨት፣ ችፕውድ፣ ኤምዲኤፍ፣ ኮምፔንሳቶ እና ላሜራ።

ድፍን እንጨት ዕድሜ ጠገብ ነው። ዋንዛ በኢትዮጵያ ለቤት ዕቃ ሲመረጥ የኖረው ለአናጺ መሣሪያ ስለማያስቸግርና ሲወለወል ጥሩ መልክ ስለሚያወጣ ነው። የሐበሻ ጥድ መዓዛ አለው፤ ልቡም ምስጥን ይቋቋማል። ባሕር ዛፍ እንደ ልብ ይገኛል፤ ሲደርቅ ግን የመሰንጠቅና የመጣመም ጠባይ አለው። ይሁንና ገዢን ከእንጨቱ ዘር ይልቅ ድርቀቱ ሊያሳስበው ይገባል። በእርጥቡ የተሠራ ቁም ሳጥን ከወራት በኋላ ይኮማተራል፤ በሩ አልገጥም፣ መሳቢያው አልሳብ ይላል። የቤት ዕቃ የሚሠራበት እንጨት በውስጡ የቀረው ውሃ ወደ 12 በመቶ አካባቢ እስኪወርድ መድረቅ አለበት። ሌላም ምልክት አለ። እንጨቱ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቀዳዳዎች፣ ከሥራቸውም የደቀቀ ዱቄት ከታየ ነቀዝ ገብቶበታል። ቫርኒሽ ቀዳዳውን ይሸፍን ይሆናል እንጂ ነቀዙን አያወጣውም።

ችፕውድ የእንጨት ስብርባሪ በሙጫ ተለውሶ በሙቀት የተጨመቀ ነው። ዋጋው ይቀላል፤ እንደ እንጨት በቀላሉ አይጣመምም፤ ከላይ የሚለጠፍበት ሜላሚን ወይም ፎርማይካም ለማጽዳት ይመቻል። ጠላቱ ውሃ ነው። ባልተሸፈነ ጠርዝ ውሃ ከገባበት ያብጣል፤ ቢደርቅም ወደ ቀድሞ ውፍረቱ አይመለስም። ሌላው ድካሙ ብሎን አያያዙ ነው። የተነቀለ ብሎን በዚያው ቀዳዳ ሲመለስ የበፊቱን ያህል አይዝም። በየጊዜው እየተፈታ ከቤት ቤት የሚጓዝ የችፕውድ ቁም ሳጥን የሚላላው ለዚህ ነው።

ኤምዲኤፍ ከደቀቀ የእንጨት ጭረት የሚሠራ በመሆኑ ገጹ ልስልስ ነው፤ ቀለም ጥሩ አድርጎ ይቀበላል። እርጥበትን ግን እሱም አይወድም። እርጥበት እንዲቋቋም ተደርጎ የሚመረተው ዓይነት ብዙ ጊዜ ውስጡ አረንጓዴ ነው፤ ሆኖም አረንጓዴነቱ መለያ ቀለም እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ስስ የእንጨት ገበታዎች በመስቀለኛ ተነባብረው የሚጣበቁበት ኮምፔንሳቶ፣ ፕላይውድ የሚባለው፣ ብሎን በመያዝም እርጥበት በመቋቋምም ከሁለቱ ይሻላል፤ በዋጋውም ከፍ ይላል። ስለዚህ በጀት የጠበበበት ቤተሰብ ሙሉ ወጥ ቤቱን በኮምፔንሳቶ ማሠራት ባይችል እንኳ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለችውን አንዷን ሳጥን በእሱ ቢያሠራ ገንዘቡ አይባክንም።

ላሜራን ነቀዝም ምስጥም አይበላውም፤ ቢሮዎች ለሰነድ የሚመርጡት በዚህ ነው። ቀለሙ ሲላጥ ግን ይዝጋል፤ ስስ የሆነው ደግሞ ጠርዙ እጅ ይቆርጣል። ባለ ብዙ መሳቢያ የፋይል ካቢኔት ሲገዛ ሁለት መሳቢያ በአንድ ጊዜ ለመሳብ መሞከር ጥሩ ፈተና ነው። በደንብ የተሠራው አንዱ ሲወጣ ሌላውን ይቆልፋል። ካልቆለፈ፣ የሞሉ መሳቢያዎች አንድ ላይ ሲሳቡ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ይመጣና ሳጥኑ በሠራተኛው ላይ ሊወድቅ ይችላል።

የዕቃው ዓይነት ምንም ይሁን ምን፣ አናጺው ከዚህ ቀደም የሠራውን አንድ ካቢኔት ማየት ከፎቶ ይበልጣል። መሳቢያው ተስቦ ታችኛው ገጽ ይታያል፤ የዕቃ ማጠቢያው የተገጠመበት ቀዳዳ ዙሪያው በሲሊኮን መታሸጉ ይታያል፤ ጀርባው ከጋዜጣ የማይወፍር ስስ ሰሌዳ መሆን አለመሆኑ ይታያል። 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የችፕውድ መደርደሪያ ያለ ደጋፊ ከ60 ሴንቲ ሜትር ብዙ ከረዘመ ሳህንና መጽሐፍ ሲጫንበት መሀሉ ይረግባል። የበር ማጠፊያም ቁጥር አለው፤ እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ቁመት ላለው በር ሁለት ይበቃል፤ 2 ሜትር ለሚደርስ የቁም ሳጥን በር ግን አራት ያስፈልጋል።

አዲስ ዕቃ የሚሸተው ለምንድን ነው?

አዲስ ካቢኔት ሲከፈት ዓይን የሚያቃጥልና ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ የሚወጣበት ጊዜ አለ። በአብዛኛው ምንጩ ችፕውዱንና ኤምዲኤፉን ያጣበቀው ሙጫ የሚለቀው ፎርማልዴሃይድ የተባለ ጋዝ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ይህን ጋዝ ለሰው ካንሰር አምጪ ከሆኑት ተርታ መድቦታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው መመሪያ በቤት ውስጥ አየር የጋዙ መጠን በ30 ደቂቃ አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ ከ0.1 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል።

ይህ ማለት ችፕውድ ያለበት ቤት ሁሉ አደገኛ ነው ማለት አይደለም። ልዩነቱ ያለው ሙጫው ላይ ነው። በአውሮፓ ደረጃ «ኢ1» የሚል ምልክት ያለበት ጣውላ የሚለቀው ጋዝ የተገደበ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2026 ጀምሮ ለቤት ዕቃ ገደቡን በግማሽ ያህል ዝቅ አድርጎ በሜትር ኩብ 0.062 ሚሊ ግራም እንዲሆን ወስኗል። ከውጭ የሚገባ ጣውላ ሲገዛ ምልክቱን መጠየቅ ምንም ወጪ የለውም።

ጋዙ በሙቀትና በእርጥበት ይበረታል፤ በጊዜ ብዛት ደግሞ ይቀንሳል። ስለዚህ አዲስ ቁም ሳጥን ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሩም መስኮቱም ተከፍቶ ቢሰነብት፣ የሕፃን ልብስ ባይገባበት፣ ያልተሸፈነ ጠርዙም በጠርዝ ማሸጊያ ወይም በቀለም ቢዘጋ ይመረጣል። አናጺው ጣውላውን ቤት ውስጥ የሚቆርጥ ከሆነ ልጆችን ማራቅ፣ ለሠራተኛውም የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ማስፈለጉን መንገር ተገቢ ነው፤ የእንጨት ብናኝ ራሱ በዚያው ኤጀንሲ የካንሰር አምጪዎች ዝርዝር ውስጥ ይገኛል።

አሮጌ ዕቃ የሚያድስ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ማሰብ አለበት። ኢትዮጵያ በቀለም ውስጥ የሚገኝን እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ (90 ፒፒኤም) እንዳይበልጥ የገደበችው እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ደንብ ነው። ከዚያ በፊት የተቀባ አሮጌ ቡፌ ወይም ቁም ሳጥን ቀለሙ ምን እንደያዘ አይታወቅም። እንዲህ ያለውን በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ብናኙን በቤቱ ሁሉ ይበትነዋል፤ እያረጠቡ፣ ከቤት ውጭ፣ ልጆች በሌሉበት መሥራት ይሻላል። እርሳስ በተለይ የትንንሽ ልጆችን የአእምሮ ዕድገት ይጎዳል።

ግድግዳው ይችላል?

እ.ኤ.አ. በጁን 2016 የስዊድኑ የቤት ዕቃ ኩባንያ ኢኬያ በአሜሪካ 29 ሚሊዮን የሚሆኑ ባለ መሳቢያ ሣጥኖቹን ከገበያ ጠራ። ማልም የሚባለው ሞዴልና መሰሎቹ ግድግዳ ላይ ካልታሰሩ ወደ ፊት የመውደቅ ጠባይ ነበራቸው፤ በሥራቸው ተጨፍልቀው የሞቱ ትንንሽ ልጆች ነበሩ። ኩባንያው በዚያው ዓመት መጨረሻ ለሦስት ቤተሰቦች 50 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2020 ደግሞ ለሌላ ቤተሰብ 46 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የአሜሪካ ምክር ቤት በ2022 መጨረሻ ባጸደቀው ሕግ መሠረት አሁን እንዲህ ያሉ ዕቃዎች ለገበያ ከመቅረባቸው በፊት መሳቢያቸው ተስቦ፣ 27 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ልጅ እንደተንጠለጠለባቸው ተደርጎ ይፈተናሉ።

የአደጋው መንገድ ቀላል ነው። ሕፃኑ ከሳጥኑ አናት ላይ ያለውን ነገር ለማውረድ መሳቢያዎቹን ስቦ እንደ ደረጃ ይወጣባቸዋል፤ ሳጥኑ ወደ ፊት ያዘነብላል። በኢትዮጵያ ቤቶች ደግሞ ነገሩን የሚያባብሱ ልማዶች አሉ፤ ከባድ ሻንጣ ቁም ሳጥን አናት ላይ ይጫናል፤ ቴሌቪዥን ጠባብ ቡፌ ላይ ይቀመጣል። መፍትሔው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ከደረት በላይ የሚቆም ማንኛውም ዕቃ ጀርባው ከላይ በኩል በብረት ማዕዘን ከግድግዳ ይታሰራል፤ ከባዱ ዕቃ ወደ ታችኛው መሳቢያ ይወርዳል፤ ልጅን የሚስብ ነገር፣ ከረሜላም ሆነ ሞባይል፣ አናቱ ላይ አይቀመጥም።

ከፍ ብሎ የሚሰቀል የወጥ ቤት ካቢኔት ሌላ ፈተና አለው። የብዙ ኮንዶሚኒየሞች ግድግዳ ውስጡ ክፍት ከሆነ ብሎኬት የተገነባ ነው። ተራ የፕላስቲክ ፊሸር ከብሎኬቱ ስስ ገጽ ባሻገር የሚይዘው ነገር ስለሌለው በሳህንና በድስት የተሞላ ካቢኔት ቀስ በቀስ ሊነቅለው ይችላል። ለባዶ ብሎኬት ተብሎ የተሠራ፣ ከውስጥ የሚከፈት ማሰሪያ ወይም ግድግዳውን ዘልቆ ከወዲያ በኩል የሚታሰር ብሎን ያስፈልጋል። ክብደቱን በሁለት ነጥብ ብቻ ከመጫን በረጅም የብረት ሐዲድ ላይ ማከፋፈልም ይረዳል። ስሱ ጀርባ ብቻ የተበሳበት ካቢኔት ግድግዳው ቢችለው እንኳ ጀርባው ይቀደዳል፤ ብሎኑ ወፍራሙን የላይኛውን ድጋፍ መያዝ አለበት።

ቁልፉ ከውጭ ብቻ የሚከፈት ትልቅ ሣጥንም ልጅ ባለበት ቤት አደጋ ነው። ሌን የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ሲዘጉ ራሳቸውን የሚቆልፉ 12 ሚሊዮን የልብስ ሣጥኖቹን ቁልፍ ለመቀየር እ.ኤ.አ. በ1996 ጥሪ ያደረገው ልጆች ለጨዋታ ገብተው ታፍነው ስለሞቱ ነው። ሣጥኑ ቅርስ ቢሆን እንኳ መቆለፊያውን ማውለቅ ይገባል።

ምጣድ፣ ምድጃና ሲሊንደር

በሐበሻ ወጥ ቤት ካቢኔትን ቶሎ የሚያስረጀው እንፋሎት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ጠረጴዛው ላይ፣ ከተሰቀለው ካቢኔት ሥር ሲቀመጥ፣ አክንባሎው በተነሣ ቁጥር ትኩስ እንፋሎት በቀጥታ የላይኛውን ካቢኔት ሆድ ይመታል። ችፕውድ ከሆነ ጥቂት ወራት ሳይቆይ ጠርዙ ያብጣል፤ የተለጠፈበት ሽፋን ይላቀቃል። ለምጣድ ከላይ ምንም ያልተሰቀለበት፣ መስኮት አጠገብ የሆነ ቦታ መተው ከማንኛውም ውድ ጣውላ የተሻለ መከላከያ ነው። ከምድጃው ራስ በላይ የሚሰቀል የእንጨት ካቢኔት ካለ ቢያንስ 75 ሴንቲ ሜትር ያህል መራቅ አለበት፤ ቅቤ ሲነጠርና ዘይት ሲግል እሳት ቢነሣ ቀድሞ የሚያገኘው እሱን ነው።

የጋዝ ሲሊንደርን ካቢኔት ውስጥ ደብቆ በሩን መዝጋት የተለመደ ነው፤ ለዓይን ያምራል። ነገር ግን የማብሰያ ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ከቧንቧው ወይም ከመቆጣጠሪያው ትንሽ ቢያፈስ ወደ ላይ አይበንም፤ ታች ይተኛል፤ በተዘጋ ሳጥን ውስጥም ይጠራቀማል። ሲሊንደር የሚሻለው ከቤት ውጭ ወይም በረንዳ ላይ መቆም ነው። የግድ ካቢኔት ውስጥ የሚገባ ከሆነ የሳጥኑ ታችኛው ክፍል ወደ ነፋሻ ቦታ የተከፈተ መተንፈሻ ሊኖረው ይገባል፤ አጠገቡ ግን የኤሌክትሪክ ሶኬት ሊኖር አይገባም። ፍሳሽ የሚፈተሸው በሳሙና አረፋ ነው፤ በክብሪት የሚፈትሽ ሰው ቤቱን ለፍንዳታ ያጋልጣል።

ከወለል ጋር በቀጥታ የተገጠመ የካቢኔት እግርም ብዙ አይቆይም። ወለል በውሃ የሚወለወልበት ቤት በየዕለቱ እግሩን ያረጥበዋል። 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ የሚያደርጉ የፕላስቲክ እግሮች ዋጋቸው ትንሽ ነው፤ ሥሩን ለመጥረግና በረሮ ለማጽዳትም መንገድ ይከፍታሉ።

ማን ከማን ጋር ይቀመጥ?

በዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለው ካቢኔት በብዙ ቤት የመርዝ ማከማቻ ነው። በረኪና፣ የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ፣ የበረሮ መድኃኒት፣ አንዳንዴም ነጭ ጋዝ በአንድ ላይ ይገኛሉ፤ ይህም ቦታ ለሚድኸው ሕፃን ከሁሉም ቅርብ ነው። አደጋውን የሚያባብሰው በረኪናና ነጭ ጋዝ በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ መቀመጡ ነው። ልጅ ቀርቶ የተጠማ ዐዋቂም ውሃ መስሎት ያነሣዋል። ኬሚካል በራሱ ዕቃ፣ ስሙ ተጽፎበት፣ ልጅ በማይደርስበት ከፍታ ወይም በሚቆለፍ በር ውስጥ መቀመጥ አለበት። ልጅ ቢጠጣ እንዲያስታውክ ማስገደድ አይገባም፤ ፈሳሹ ሲመለስ ጉሮሮውን ዳግም ያቃጥላል፤ ነጭ ጋዝ ከሆነ ደግሞ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ጠርሙሱን ይዞ በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ነው፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

መድኃኒት ደግሞ ብዙዎች እንደሚያደርጉት መታጠቢያ ቤት ወይም ምድጃ አጠገብ ባለ ካቢኔት መቀመጥ የለበትም፤ እርጥበትና ሙቀት ያበላሹታል። መኝታ ክፍል ውስጥ ያለ ከፍ ያለና የሚቆለፍ መሳቢያ ይሻለዋል።

በቁም ሳጥን ውስጥ ጋቢውን፣ ነጠላውንና የሱፍ ልብሱን ከብል ለመጠበቅ ናፍታሊን የሚያስቀምጥ ቤተሰብ ብዙ ነው። ነጭ እንክብሎቹ ብሉን የሚገድሉት በሚለቁት ትነት ነው፤ ያው ትነት ልብሱን ለሚለብሰውም ይተርፋል። ጂ6ፒዲ የተባለ ኢንዛይም የሚያንሳቸው ሰዎች፣ በተለይም አራስ ሕፃናት፣ በናፍታሊን የቆየ ልብስ ወይም ብርድ ልብስ ሲነካቸው ቀይ የደም ሴሎቻቸው ሊፈርሱ ይችላሉ፤ ዓይናቸውና ቆዳቸው ቢጫ ይሆናል። የአውሮፓ ኅብረት ናፍታሊን ለብል መከላከያ እንዳይሸጥ ያገደው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። እንክብሎቹ ከረሜላ ስለሚመስሉም ለልጅ አደጋ ናቸው። ብል የሚመርጠው ላብና የምግብ ቅሪት ያለበትን ሱፍ ነው፤ ልብሱን አጥቦና በፀሐይ አድርቆ፣ በሚገጥም ከረጢት ወይም ሣጥን መክተት ያለ ናፍታሊን ይጠብቀዋል። ከክረምት በኋላ ፀሐይ ሲወጣ ቁም ሳጥኑን ባዶ አድርጎ ማናፈስ፣ ጀርባውንም ከእርጥብ ግድግዳ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ማራቅ ሻጋታን ይከላከላል።

በምን ይጸዳል?

ለዘወትር ጽዳት ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ለሁሉም ዓይነት ይበቃል። ምስጢሩ ጨርቁ በደንብ መጨመቁና ገጹ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ መወልወሉ ላይ ነው። ውሃ በቀጥታ ካቢኔቱ ላይ አይረጭም፤ ጨርቁ ላይ ነው። ድፍን እንጨት በመስመሩ አቅጣጫ ይወለወላል። የሚያብረቀርቅ ኤምዲኤፍና ፎርማይካ በሽቦ ወይም በሚሻክር ዱቄት ከተፈተገ ይጫራል፤ ጭረቱም ቆሻሻ ይይዛል። እጀታ አካባቢ የተጋገረ ዘይትና በርበሬ ካለ በሳሙና ውሃ የራሰ ጨርቅ ጥቂት ደቂቃ ተለጥፎበት ቢቆይ ያለ ፍትጊያ ይለቃል። ላሜራ ላይ የዝገት ምልክት ሲታይ ዝገቱ ተፍቆ፣ ደርቆ፣ ቀለም መቀባት አለበት። በረኪና ላሜራንም የበር ማጠፊያዎችንም ያዝጋል፤ እንጨትንም መልኩን ያጠፋዋል።

ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ማጽጃዎችን ስለማቀላቀል ነው። «ይበልጥ ያጸዳል» በሚል በረኪናን ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም ከሽንት ቤት አሲድ ጋር መቀላቀል ክሎሪን የተባለውን መርዛማ ጋዝ ያወጣል። አሞንያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋር ሲቀላቀልም ክሎራሚን የሚባል ሌላ መርዛማ ጋዝ ይፈጠራል። ሁለቱም ሳንባን ይጎዳሉ፤ ጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ ደግሞ ጉዳቱ ይፈጥናል። ሳል ወይም የዓይን ማቃጠል ከተሰማ ወዲያው ወጥቶ ንጹሕ አየር መተንፈስ፣ በርና መስኮቱንም መክፈት ያስፈልጋል።

እንጨትን በተልባ ዘይት የሚያብረቀርቁም አሉ፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን ዘይቱን የጠጣ ጨርቅ ተጠቅልሎ ወይም ተከምሮ ከተጣለ ዘይቱ ሲደርቅ በሚያወጣው ሙቀት ራሱን በራሱ ሊያቃጥል ይችላል። ጨርቁ ውጭ ተዘርግቶ እስኪደርቅ መቆየት ወይም ውሃ በሞላ ቆርቆሮ መነከር አለበት። ቲነርና ቫርኒሽም ሲቀባ ምድጃ፣ ከሰልና ዕጣን በአካባቢው መጥፋት አለባቸው።

እንግዲህ አዲስ ካቢኔት ሊያሠራ የተነሣ ቤተሰብ ቀብዱን ከመክፈሉ በፊት አናጺውን የጣውላውን ዓይነት፣ የጠርዙን አሸፋፈን፣ የግድግዳውን ማሰሪያና የሲሊንደሩን ቦታ በግልጽ ይጠይቅ፤ መልሱንም በውሉ ላይ ያስጽፍ። ካቢኔቱ ቀድሞ የገባለት ደግሞ በዚህ ሳምንት ሁለት ሥራ ይሥራ፦ በረኪናውንና ነጭ ጋዙን ከዕቃ ማጠቢያው ሥር አውጥቶ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ያኑር፤ ረጅሙን ቁም ሳጥንም ከግድግዳው ጋር ያሳስር።